የዕፅዋት ቫይረስ ልማር ወይስ የዕፅዋት ኬሚስትሪ? (የባለሙያ ምላሽ)

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «በባዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዤ በአንድ የግብርና ምርምር ማዕከል በረዳትነት እየሠራሁ ነው። በባቄላና በሽምብራ ቫይረስ ላይ የምንሠራውን በጣም ወድጄዋለሁ። የመድኃኒት ዕፅዋት ኬሚስትሪ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ይስበኛል። ማስተርስ ልጀምር ነው፤ ሁለቱ ስለማይገናኙ አንዱን ተይው ይሉኛል። ዶክተር፣ የቱን ልምረጥ? እንጀራስ ያበላል? ውጭ ሀገር መሄድስ ግድ ነው?»

እህቴ፣ «አይገናኙም» ያሉሽ ሰዎች ክፉ አስበው አይመስለኝም። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ውስጥ የቫይረሱ ሰው ያለው ግብርና ወይም ባዮሎጂ ክፍል ነው፤ የውህዱ ሰው ደግሞ ኬሚስትሪ ወይም ፋርማሲ። ቢሯቸው ይራራቃል፣ በጀታቸው ይለያያል፣ አንዱ የሌላውን ሴሚናር አይሰማም። ከውጭ ለሚያይ ሰው የማይተዋወቁ ሙያዎች ይመስላሉ። እኔ በሁለቱም በኩል ብዙ ዓመት ስለሠራሁ ሐሳቤን ከመጀመሪያው ልንገርሽ፦ አንዱንም አትተይ። በማስተርስሽ እጅሽን በኬሚስትሪ አፍታቺ፣ ጥያቄሽን ግን ከቫይረሱ አምጪ። ለምን እንደዚህ እንደምል ለማስረዳት ትንሽ ወደኋላ መሄድ አለብኝ። ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ዌንደል ስታንሊ የሚባል ሰው ነበር። በ1904 አሜሪካ፣ ኢንዲያና ውስጥ ተወለደ። ኮሌጅ ሳለ የአሜሪካን ፉትቦል ይጫወት ነበር፤ ሐሳቡም አሰልጣኝ መሆን ነበር። ከኬሚስትሪ መምህሩ ጋር ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲን ሊያይ ሄደና ሮጀር አዳምስ ከሚባለው ትልቅ የኦርጋኒክ ኬሚስት ጋር ተዋወቀ። በቃ፣ አሰልጣኝነቱ እዚያ ላይ ቀረ። በ1929 ዶክትሬቱን ያዘ፤ በዚያ ዘመን ይሠራ የነበረው የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ሊገድሉ በሚችሉ ውህዶች ላይ ነው። የውህዶቹ መነሻ ቻውልሙግራ ከሚባል የእስያ ዛፍ ዘር የሚጨመቀው ዘይት ነበር፤ ያኔ ለሥጋ ደዌ የሚሰጠው መድኃኒት እሱ ነበር። ቀጥሎ ጀርመን፣ ሙኒክ ሄዶ ሃይንሪክ ቪላንድ ዘንድ የእርሾ ስቴሮሎችን አጠና። እስከዚህ ድረስ የሰውየው ሥራ ልክ አንቺ ከልጅነትሽ የምትመኚው ዓይነት ነው፤ ከሕያው ነገር ውስጥ ውህድ ማውጣት።

በ1932 ፕሪንስተን ወደሚገኘው የሮክፌለር ተቋም ቤተ ሙከራ ተዛወረና የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስ ላይ መሥራት ጀመረ። ቫይረስ ያኔ እንቆቅልሽ ነበር። በ1892 ሩሲያዊው ዲሚትሪ ኢቫኖቭስኪ የታመመ ትምባሆ ጭማቂ ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ ካለፈ በኋላም ጤነኛውን ትምባሆ እንደሚያሳምም አይቷል። በ1898 ሆላንዳዊው ማርቲኑስ ቤይሪንክ ነገሩ ባክቴሪያ አይደለም፣ የሚባዛውም ሕያው ሴል ውስጥ ብቻ ነው አለ። ከምን እንደተሠራ ግን የሚያውቅ አልነበረም።

ታዲያ ስታንሊ ምን አደረገ መሰለሽ? ቫይረሱን ልክ ቅጠል ውስጥ እንዳለ አንድ ውህድ ቆጠረው። ቅጠሉን ፈጨ፣ ጨመቀ፣ በጨው አዘቀጠ፣ አጣራ፣ እንደገና አሟሟ። በየደረጃው ደግሞ የትኛው ክፍል አሁንም በሽታ እንደሚያመጣ በተክል ላይ ፈተነ። መፈተኛው ቀድሞ ተዘጋጅቶለት ነበር፤ በ1929 ፍራንሲስ ሆልምስ የታመመው ጭማቂ በአንድ የትምባሆ ዘመድ ቅጠል ላይ ሲታሽ ነጠብጣብ እንደሚያወጣ፣ ነጠብጣቡን በመቁጠርም የቫይረሱን መጠን መገመት እንደሚቻል አሳይቷል። በ1935 ስታንሊ መርፌ የመሰሉ ክሪስታሎችን አገኘ። ከአንድ ቶን ገደማ የታመመ ቅጠል የወጣው አንድ የሾርባ ማንኪያ የሚሆን ነጭ ዱቄት ነው። ዱቄቱ ውኃ ውስጥ ሟሙቶ ቅጠል ላይ ሲታሽ ትምባሆው ታመመ። ዛሬ አዲስ አበባ ያለ ተማሪ ከእንዶድ ወይም ከኮሶ ውህድ ሲያወጣ የሚሄድበት መንገድ ይኸው ነው፤ መክፈል፣ መፈተን፣ የሠራውን ክፍል ይዞ እንደገና መክፈል።

ስታንሊ ያገኘው ንጹህ ፕሮቲን ነው ብሎ ነበር። በዓመቱ እንግሊዝ ውስጥ ፍሬድሪክ ባውደንና ኖርማን ፒሪ ፎስፈረስና ስኳር እንዳለበት አሳዩ፤ የዘር መረጃ የሚይዘው ሞለኪውል፣ አርኤንኤ ነበር። መጠኑ ከመቶ አምስት እጅ ገደማ ብቻ ነው፣ ግን የቫይረሱ ዋና ነገር ያ ነው። ባውደን የዕፅዋት በሽታ ሰው ነው፣ ፒሪ ደግሞ ባዮኬሚስት። እኔ ይህን ጥምረት በጣም ነው የምወደው፤ አንዱ ተክሉን ያውቃል፣ ሌላው ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን። ስታንሊ በ1946 የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት አንዱ ሆነ፣ ያውም በኬሚስትሪ። በ1955 ፍራንክል ኮንራትና ሮብሊ ዊሊያምስ የቫይረሱን ፕሮቲንና አርኤንኤ ለያይተው መልሰው ሲያገጣጥሙት በሽታ የማምጣት ኃይሉ ተመለሰ። ሮዛሊንድ ፍራንክሊንም በትምህርቷ ኬሚስት ነበረች፤ ከዲኤንኤው ሥራ በኋላ እስከ ሞተችበት 1958 ድረስ ለንደን ውስጥ የሠራችው በዚሁ የትምባሆ ቫይረስ ላይ ነው፣ አርኤንኤው ቱቦ በሚመስለው ቫይረስ ውስጥ የቱ ጋ እንደተቀመጠም ለይታለች። እንግዲህ አይገናኙም የተባሉት ሙያዎች እነዚህ ናቸው።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላኛው አቅጣጫ እንሂድ። ዛሬ ኬሚስቶች የቫይረስ ሰዎችን ደጅ እየጠኑ ነው። ምክንያቱ ኒኮቲያና ቤንታሚያና የምትባል ትንሽ ተክል ናት። የአውስትራሊያ ተወላጅ ነች፣ የትምባሆ ዘመድ። ቫይረስን ከምትከላከልባቸው ጂኖች አንዱ ተበላሽቶባታል፤ ስለዚህ ብዙ ዓይነት ቫይረስ በቀላሉ ይይዛታል። የቫይረስ ቤተ ሙከራዎች ለረጅም ጊዜ መፈተኛ አድርገዋት ኖረዋል። በኋላ ኬሚስቶቹ ደረሱባት። ጂን ወደ ተክል ማሻገር የሚችል አግሮባክቴሪየም የተባለ ባክቴሪያ ውስጥ የሚፈልጉትን ጂን ያስገባሉ፣ ባክቴሪያውን መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ወደ ቅጠሉ ይገፉታል፣ በቀናት ውስጥ ቅጠሉ ከሌላ ተክል የተወሰደውን ውህድ መሥራት ይጀምራል። ውህዱ በብዛት እንዲሠራ የሚረዱት ደግሞ ከቫይረስ የተወሰዱ ቁርጥራጮች ናቸው። ፒ19 የሚባለው ፕሮቲን ለምሳሌ የቲማቲም ቫይረስ የተክሉን መከላከያ የሚያፍንበት መሣሪያ ነው።

እንግሊዝ፣ ኖርዊች በሚገኘው ጆን ኢነስ ማዕከል ጆርጅ ሎሞኖሶፍ ካውፒ በሚባል ጥራጥሬ ሞዛይክ ቫይረስ ላይ አሥርት ዓመታት ሠርቷል። ከባልደረባው ፍራንክ ሴንስበሪ ጋር የቫይረሱን አንድ ክፍል ቀይረው ፕሮቲን በብዛት የሚያስመርት መሣሪያ አደረጉት። እዚያው ማዕከል አን ኦስቦርን አለች፤ እሷ የአጃ ሥር ከፈንገስ የሚከላከልበትን ሳፖኒን የተባለ፣ እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣ ውህድ ስታጠና የኖረች ናት። ሁለቱ ቡድኖች ተገናኙና በ2017 በቅጠል ውስጥ በግራም የሚለካ ትራይተርፒን (የእንዲህ ዓይነት ሳፖኒኖች መሠረት የሆነ ውህድ) ማምረት እንደሚቻል አሳዩ። ተራ ነገር እንዳይመስልሽ፤ ብዙ የተፈጥሮ ውህድ ተማሪ ዓመታት ለፍቶ በእጁ የሚይዘው ጥቂት ሚሊግራም ነው። ከዚያ የቺሊው የሳሙና ዛፍ ተራ መጣ። ከቅርፊቱ የሚወጣው ኪውኤስ 21 የተባለ ሳፖኒን የክትባት ማጠናከሪያ ነው፤ ሞስኪሪክስ የሚባለው የወባ ክትባት ውስጥ አለ፣ ሺንግሪክስ የሚባለው የአልማዝ ባለጭራ ክትባት ውስጥም አለ። ተክሉ ይህን ውህድ የሚሠራበትን መንገድ ከነጂኖቹ ለቅመው በ2024 በዚያችው በቤንታሚያና ቅጠል ሠሩት። በ2018ም የሣራ ኦኮነር ቡድን የካንሰር መድኃኒት የሆነውን የቪንብላስቲንን የጎደሉ ኢንዛይሞች አግኝቷል። የቪንብላስቲን ተክል በከተሞቻችን ለጌጥ የሚተከለው ባለ ሮዝ አበባ የማዳጋስካር ተክል ነው።

ወደ ቤታችን ስንመጣ እንዶድ አለልሽ። አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች በኩል የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይቶ ለቢልሃርዚያ መከላከያ እንዳሰበው ሁሉም ያውቃል፣ አልደግመውም። በ1989 ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ሽልማት አግኝተውበታል። ቀንድ አውጣውን የሚገድሉት የፍሬው ሳፖኒኖች ናቸው። ብዙ ሰው የማያውቀው ቅጠሉን ነው። በ1984 አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች ከእንዶድ ቅጠል ዶዴካንድሪን የሚባል ፕሮቲን አወጡ። ይህ ፕሮቲን ራይቦሶምን ሥራ ያስቆማል፤ ሴሉ ከዚያ በኋላ ፕሮቲን መሥራት አይችልም።

የእንዶድ አሜሪካዊ ዘመድ ፖክዊድ ይባላል። በ1925 ደገርና አርምስትሮንግ የፖክዊድ ጭማቂ ከትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስ ጋር ሲደባለቅ ቫይረሱ ቅጠል መያዝ እንደሚያቅተው ጽፈው ነበር። ቫይረሱን የሚያግደው ነገር በኋላ ተለይቶ ታወቀ፣ የዶዴካንድሪን የቅርብ ዘመድ የሆነ ፕሮቲን ነው። በ1993 ደግሞ ጂኑን ትምባሆና ድንች ውስጥ አስገብተው ተክሎቹ ብዙ ዓይነት ቫይረስ እንደተቋቋሙ አሳዩ። ስለዚህ እናቶቻችን ልብስ ሲያጥቡበት የኖሩት ቁጥቋጦ ፍሬው የሳፖኒን ኬሚስትሪ ነው፣ ቅጠሉ የፀረ ቫይረስ ባዮሎጂ። ሁለቱን ጥያቄ አንድ ላይ ይዞ እንዶድ ላይ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ወጣት ማየት ምን ያህል እንደሚያስደስተኝ ልነግርሽ አልችልም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር በብርቱ ላስጠንቅቅሽ። «የእንትን ተክል ጭማቂ የሰብል ቫይረስ ፈወሰ» የሚል ጽሑፍ በየጊዜው ይወጣል። ጭማቂና ቫይረስ አደባልቀሽ ቅጠል ላይ ስታሺ ነጠብጣቡ ከቀነሰ፣ ያ ማለት ጭማቂው ኢንፌክሽኑን በመግቢያው ላይ አገደ ማለት ብቻ ነው። ማሳ ላይ የታመመ ባቄላን የሚያድን ርጭት እስከ ዛሬ የለም። ገበሬው ያለው ንጹህ ዘር፣ የሚቋቋም ዝርያ፣ የዘር ወቅት ማስተካከልና አስተላላፊውን ነፍሳት መቀነስ ነው። ማስተርስሽን በባዶ ተስፋ ላይ እንድትሠሪው አልፈልግም።

እና ከምን ልጀምር ትያለሽ። ከምታውቂው ሰብል ጀምሪ። ከኢትዮጵያ ባቄላ የተገኘ አንድ ቫይረስ አለ፣ ባቄላን የሚያቀጭጭ ናኖቫይረስ ነው። ጂኖሙ፣ ማለትም ሙሉ የዘር መረጃው፣ ስምንት የተለያዩ ትንንሽ የዲኤንኤ ቀለበቶች ናቸው፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሺህ ፊደል ገደማ፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሽፋን የታሸጉ። በ2009 ስምንቱም ተለቅመው ተገለበጡና መልሰው በሽታ አመጡ። በ2019 ሞንፔልዬ፣ ፈረንሳይ ያሉ ተመራማሪዎች በዚሁ ቫይረስ ስምንቱ ቁርጥራጮች አንድ ሴል ውስጥ መገናኘት እንደማያስፈልጋቸው አሳዩ፤ አንዱ እዚህ ሴል፣ ሌላው እዚያ ሴል ሆነው ሥራቸውን ይከፋፈላሉ። ስለ ቫይረስ የምናስተምረውን አንድ መሠረታዊ ነገር የቀየረ ሥራ ነው፤ መነሻው ግን የኛ ባቄላ ነው። በ2006 ደግሞ አዳነ አብርሃም ከጀርመን ባልደረቦቹ ጋር ሽምብራን የሚያገረጣና የሚያቀጭጭ አዲስ ፖሌሮቫይረስ ከኢትዮጵያ ገልጿል። ያ ቫይረስ በኋላ በሌሎች የሰሜን አፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ አገሮችም ተገኝቷል። በቆሎ ላይ በ2011 ኬንያ የታየውና በ2014 ወደኛ የተሻገረው ገዳይ በሽታም አለ፣ የሁለት ቫይረሶች ጥምረት ነው፤ እሱ ላይ ግን ብዙ ሰው ስላለ አልገፋፋሽም።

የምወረውርልሽ ሐሳብ ይኸውልሽ። እነዚህን የባቄላና የሽምብራ ቫይረሶች ከተክል ወደ ተክል የምታስተላልፈው ክሽክሽ ናት፣ የተክል ጭማቂ የምትመጥ ትንሽ ነፍሳት። ክሽክሽ ተክሏን በዓይኗ ብቻ አትመርጥም፣ ጠረንም ይመራታል። በ2010 አሜሪካ ውስጥ በወጣ ሥራ በኪያር ሞዛይክ ቫይረስ የተያዘ ዱባ ከጤነኛው የበለጠ ሽታ አውጥቶ ክሽክሹን ሲጠራ ታይቷል። ክሽክሿ ስትመጣ ግን ተክሉ አይጥማትም፣ ቀምሳ ትሄዳለች። ቫይረሱ የሚጣበቀው በአፏ ጫፍ ላይ ስለሆነ ይህ ለእሱ ተመችቶታል፤ ቶሎ ወደ ሌላ ተክል ታደርስለታለች። በ2002 ደግሞ በድንች ቅጠል ጠቅልል ቫይረስ ላይ የተሠራው ከዚህ ለየት ይላል፤ የታመመው ድንች ሽታ ክሽክሹን ይጠራል፣ ከመጣች በኋላም ያቆያታል። ይህ ቫይረስ ወደ ሰውነቷ ገብቶ ዞሮ በምራቋ ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ ረጅም ሰዓት መጥባት አለባት። አሁን ተመልከቺ፦ የኛ የሽምብራ ቫይረስ የድንቹ ቫይረስ የቅርብ ዘመድ ነው። የባቄላውም ወደ ሰውነቷ የሚገባ ነው። ታዲያ የታመመ ሽምብራችን ምን ዓይነት ሽታ ያወጣል? ክሽክሿን ያቆያታል ወይ? የትኛው ዝርያ ሽታውን አይቀይርም?

ይህ የማስተርስ ጥያቄ ነው፣ ሁለቱንም ፍላጎትሽን በአንድ ሥራ ይይዝልሻል። የሚያስፈልግሽ የተረጋገጠ የቫይረስ ናሙና፣ በመረብ የታጠረ የተክል ማሳደጊያ፣ ከቫይረስ ነፃ የሆነ የክሽክሽ መንጋ፣ ሽታ መሰብሰቢያ፣ ክሽክሿ ከሁለት ሽታ አንዱን የምትመርጥበት የዋይ ቅርጽ ያለው የመስታወት ቱቦና ሽታው ከየትኞቹ ውህዶች እንደተሠራ የሚለየው የጋዝ ክሮማቶግራፊ ከማስ ስፔክትሮሜትር ጋር ነው። የመጨረሻው ማሽን በማዕከልሽ ባይኖር ሌላ ተቋም ውስጥ ተውሶ ሊሠራበት ይችላል፤ ውድ ነገር ግን ለብዙ ዓይነት ሥራ ስለሚጠቅም ተፈላጊ ነው። በዚህ ዓይነት ሥራ ናይሮቢ ያለው ኢሲፔ የተባለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል የታወቀ ነው፤ ግንደ ቆርቁር የተባለውን ተባይ በተክል ጠረን የሚያባርረው የፑሽ ፑል ዘዴ ከዚያ ነው የወጣው። ኢሲፔን ለዓመታት የመራችው ሰገነት ቀለሙ ደግሞ የኛው ልጅ ናት፣ የዕፅዋት በሽታ ሳይንቲስት።

ለምን ኬሚስትሪውን አስቀድሚ አልኩሽ? ከልምዴ ነው የምነግርሽ። አርኤንኤ ማውጣት፣ ፒሲአር መሥራት፣ ናኖፖር በሚባለው በእጅ በሚያዝ መሣሪያ የቫይረስ ጂኖም ማንበብ፣ እነዚህን ቀልጣፋ ሰው በአጭር ሥልጠና ይይዛቸዋል፤ አንቺ ደግሞ ገና ረዳት ሆነሽ ግማሹን ይዘሽዋል። የሞለኪውልን አወቃቀር በማግኔት ኃይል የሚመረምረውን የኤንኤምአር መሣሪያ ሥዕል እያዩ የውህድ ቅርጽ መሳል ግን እንደዚያ አይደለም። አጠገብሽ ተቀምጦ «ይህች ጫፍ የምን ሃይድሮጅን ናት?» እያለ የሚያፋጥጥሽ መምህር ይፈልጋል፣ ያውም ደጋግሞ። ከማስተርስ በኋላ ያንን ጊዜ የሚሰጥሽ የለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ክፍል ይህ ባህል አለው፤ ኤርምያስ ዳኜ እዚያ ሆነው በእሬት፣ በከርቤ፣ በዕጣንና በጫት ውህዶች ላይ ያሠሯቸው ተማሪዎች ዛሬ ሌላ ተማሪ ያሠለጥናሉ። በ1984 የተቋቋመው ናፕሬካ የሚባለው የምሥራቅና የማዕከላዊ አፍሪካ የተፈጥሮ ውህድ ተመራማሪዎች መረብም አለ፣ ዓውደ ጥናቶቹን ተከታተይ።

አማካሪ ስትመርጪ ሁለት ሰው ያዢ፣ አንድ ከኬሚስትሪ አንድ ከዕፅዋት ጥበቃ። ሁለቱንም ከመጀመሪያው አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫቸው፣ ዕቅዱን አብረው ይፈርሙበት። ይህን ያላደረጉ ተማሪዎች አንዱ አማካሪ «የኔ ክፍል አልቋል» ሲል ሌላው «ገና አልጀመርሽም» እያለ መሃል ላይ ሲንከራተቱ አይቻለሁ።

ስለ እንጀራው። በመንግሥት ምርምር ደመወዝ ብቻ መኖር ከባድ ነው፣ ይህን ልደብቅሽ አልችልም። ኬሚካል ከውጭ እስኪመጣ መጠበቅ አለ፣ የፈሳሽ ናይትሮጅን ጣጣ አለ፣ የመብራት መቆራረጥ አለ። ግን በኬሚስትሪ የተገራ እጅ ሥራ አያጣም። የምግብ ደኅንነት ምርመራ፣ የፀረ ተባይ ቅሪት ምርመራ፣ የቡና ጥራት፣ የመድኃኒት ፋብሪካ፣ የሽቶ ዘይት፣ ሁሉም ክሮማቶግራፊ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ። የቫይረስ ምርመራ ደግሞ በዘር ጤና፣ በኳራንቲን፣ በቲሹ ካልቸር ቤተ ሙከራና በአበባ እርሻ ይፈለጋል። በዓለም ደረጃም የዘር ንግዱ ከቫይረስ ጋር ትግል ላይ ነው፤ እስራኤልና ዮርዳኖስ ውስጥ በመጀመሪያ የታየው የቲማቲም ቡናማ ፍሬ ቫይረስ፣ የድሮው የትምባሆ ሞዛይክ ዘመድ፣ ለብዙ ዓመት የሠራውን የቲማቲም መቋቋሚያ ጂን ጥሶ ብዙ አገር ገብቷል። ለመርማሪ ሥራ አለ ማለት ነው።

በቅጠል መድኃኒት የማምረቱን ኢንዱስትሪ ግን ተረጋግቷል ብለሽ አትቁጠሪ። ሜዲካጎ የተባለው የካናዳ ኩባንያ በቤንታሚያና ቅጠል የሠራው የኮቪድ ክትባት በየካቲት 2022 ተፈቀደለት። በዓመቱ ባለቤቱ ድርጅቱን ሊዘጋው እንደወሰነ ተነገረ። ሳይንሱ ሠርቷል፣ ገበያው አልጠበቀውም። ሕይወትሽን በአንድ ቴክኖሎጂ ላይ ብቻ እንዳትሰቅዪ ነው ይህን የምነግርሽ።

ውጭ መሄድ ግድ ነው ወይ ላልሽኝ፣ ለማስተርስ አይደለም። ማሳው እዚህ ነው፣ ናሙናው እዚህ ነው፣ በሽታው የሚታይበት ወቅት እዚህ ነው። ናሙና ሳይኖራት ውጭ የሄደች ተማሪ የአስተናጋጅዋን ቤተ ሙከራ ጥያቄ ስትሠራ ትኖራለች፤ ነውር የለውም፣ ግን ስትመለሺ የምትቀጥዪው ነገር አይኖርሽም። ለፒኤችዲ ግን ሂጂ፣ ቢቻል ግማሹን እዚህ ግማሹን እዚያ በሚያሠራ ፕሮግራም። የጀርመኑ ዳድ፣ የታዳጊ አገር ሳይንቲስቶችን የሚደግፈው ትዋስ አሉ፤ ለሴት ሳይንቲስቶች ደግሞ ኦውስድ የሚባለው የፒኤችዲ ድጋፍ አለ። በጥራጥሬ ቫይረስ ላይ ኢካርዳ የተባለው ዓለም አቀፍ የደረቅ አካባቢ ግብርና ምርምር ማዕከል ሊባኖስ፣ ቴርቦል ላይ ያለው ቤተ ሙከራ ብዙ ልምድ አለው። ስትጽፊላቸው «ማንኛውም ርዕስ ይሁን» አትበዪ፤ የሽምብራ ናሙናሽን፣ የያዝሽውን ውጤትና አንድ ጥያቄ አስቀምጪ። እንደዚህ ዓይነት ደብዳቤ ሲደርሰኝ ወዲያው ነው የምመልሰው።

ናሙና ከአገር ስታወጪ ሕጉን አትዝለዪ። የጄኔቲክ ሀብት አርክቦትን (ሀብቱን ማግኘትና መጠቀምን) እና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482 ከ2006 ጀምሮ አለ፤ ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ጊዜ ይወስዳል፣ ስለዚህ ከጉዞሽ ብዙ ወራት በፊት ጀምሪው። የእንዶድን ዓይነት ተክል ይዘሽ ከሆነ ከማን መንደር እንደወሰድሽ፣ ማን እንዳሳየሽ፣ ምን ብለው እንደሚጠቀሙበት ከመጀመሪያው ቀን መዝግቢ፤ በኋላ ጥቅም ቢመጣ የሚካፈሉት በዚያ መዝገብ ነው። የታመመ ተክል በሕይወቱ መላክ ደግሞ በተቀባዩ አገርም ፈቃድ ይጠይቃል። የደረቀ ቅጠል ወይም የወጣ አርኤንኤ ብዙ ጊዜ ይቀላል፣ ፈቃዱ ግን ለእሱም ያስፈልጋል።

ዕቅድሽን ስትጽፊ ከሁለት ገጽ አታስበልጪው። ሰብሉን፣ ቫይረሱ መኖሩን በምን እንዳረጋገጥሽ፣ የክሽክሹን ዝርያና የትኛውን ማሽን የት እንደምትጠቀሚ በግልጽ አስቀምጪ፤ ከዚያ ላኪልኝ፣ አነበዋለሁ።